ጠብታ ማክሰኞ ዕለት የተናገረው

ጠብታ ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ወፍራም፣ ኩራቱ ደግሞ ከቁመቱ እጥፍ የሆነ ሰው ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ለውሃ መሥሪያ ቤት ቆጣሪ ሲያነብ ሃያ ስድስት ዓመት ስላለፈው፣ ከሚስቱ በቀር እውነተኛ ስሙን የሚያስታውስ ሰው እምብዛም የለም። እሱም ቅር አይለውም። “ባልዲውን የሚሞላው ማን ሆነና ነው?” ብሎ ይስቃል።

ሥራው ቀላል ይመስላል። በየበሩ እየቆመ “ቆጣሪ!” ብሎ ይጮኻል፤ ውሻ ይታሰርለታል፣ በር ይከፈትለታል። የሳጥኑን ክዳን በብረት መንጠቆ ያነሳል፣ የሸረሪቱን ድር በብሩሽ ይጠርጋል፣ መስታወቱን በአውራ ጣቱ ይወለውላል፣ ጥቁሮቹን ቁጥሮች ጽፎ ቀዮቹን ሽርፍራፊዎች ይተዋል። የሰፈሩን ገመና ከሐኪሙ ቀጥሎ የሚያውቀው እሱ ነው። ማን ቤት እንግዳ እንደከረመ፣ ማን ከሚስቱ ተጣልቶ ብቻውን እንደሚኖር፣ የማን ቧንቧ እያፈሰሰ እንደሚያድር ከቁጥሩ ይረዳል። ግን ትንፍሽ አይልም። “ቆጣሪ አንባቢ ዓይን እንጂ አፍ የለውም” ይላል። እንዲህ ሲል የኖረ ሰው ነው እንግዲህ አፉ ጉድ የሠራው።

ጠብታ ሙስሊም ነው። የመጀመሪያው የውሃ መስመር ሲዘረጋ ቦዩን ከቆፈሩት ሰዎች አንዱ አያቱ ናቸው። አባቱም እሱም የተወለዱት እዚያው ሰፈር፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለችው ቤት ነው። ይህም ሆኖ አዲስ ሰው ባገኘው ቁጥር “ለመሆኑ የመጣችሁት ከወዴት ነው?” ይባላል። “ከዳቦ ቤቱ ጀርባ” ይላል። ጠያቂው ይስቅና “አይ፣ ከዚያ በፊት ማለቴ ነው” ይለዋል። ከዚያ በፊትማ ከእናቱ ሆድ ነው የመጣው፤ ሌላ ከየት ይመጣል?

ሰፈሩ “የኛ እስላም” ነበር የሚለው። ሲሉት በክፋት አልነበረም፤ ሠርግም ይጠሩታል፣ ሲታመምም ይጠይቁታል። ሚስቱ ግን ይህን አጠራር ስትሰማ ጥርሷን ትነክሳለች። “የኛ ወንበር፣ የኛ ድመት እንደማለት እኮ ነው!” ትለዋለች። እሱ አይሰማትም። “የኛ” የምትለው ቃል ብቻዋን ታጠግበው ነበር።

ባለፈው ዓመት ማብቂያ ላይ ከጦርነት የሸሹ ሠላሳ አንድ ቤተሰቦች መጥተው በተዘጋው የክር ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ሰፈሩ። ቋንቋቸው ሌላ፣ አለባበሳቸው ሌላ፣ ሃይማኖታቸው ግን እስልምና ነበር። ሰፈሩ ባዕድ ፈራ፤ ባዕዱ ሙስሊም ስለሆነ ደግሞ ሙስሊሙ ሁሉ ባዕድ ሆኖ ታየው። ከዚያ ወዲያ “የኛ” የምትለው ቃል የት እንደገባች ሳትታወቅ “እስላም” ብቻውን ቀረ። ሃያ ስድስት ዓመት የተከፈተለት በር “ማነው?” ማለት ጀመረ። “ቆጣሪ ነኝ” ሲል “የትኛው ቆጣሪ?” ይሉታል፤ በሰፈሩ ከእሱ ሌላ ቆጣሪ አንባቢ ኖሮ የሚያውቅ ይመስል። አንዲት ሴትዮማ በበሩ ስንጥቅ አጮልቀው አይተውት ሲያበቁ “ቁጥሩን እኔው አንብቤ በወረቀት አወጣልሃለሁ” አሉት። የሴትዮዋን ዓይን ያውቀዋል፤ ከሦስት ሜትር ላይ ዝሆን አይለይም።

ሚስቱንም ገበያ መሃል አንድ ጎረምሳ ሻሿን ጎትቶ “ወደ አገርሽ ሂጂ!” አላት። ዞር ስትል የምታውቀው የጎረቤት ልጅ ነው። “እናትህ ታማ አዝዬ ያስከተብኩህ እኔ አይደለሁም እንዴ?” አለችው። ያፍራል ብላ ነበር። እሱ ግን ከጓደኞቹ ጋር ሳቀ።

ጠብታ ይህን ሲሰማ ቤቱን በቁጣ አናወጠው። ግን በማን ቢናደድ ጥሩ ነው? በጎረምሳው አይደለም። “እነዚህ የመጋዘን ሰዎች ባይመጡብን ኖሮ ማን ይነካን ነበር?” አለ። እኔ ጠብታን እወደዋለሁ፤ እዚህ ላይ ግን አልወደውም።

በዚያው ሰሞን የሰፈሩ ውሃ ደፈረሰ። ከቧንቧ የሚወርደው ሻይ ይመስላል፣ ብረት ብረት ይላል። ሦስት ሕፃናት ሆዳቸው ተበላሽቶ ሐኪም ቤት ተኙ። ጠብታ ምክንያቱን ጥርት አድርጎ ያውቃል። ኮረብታው ላይ ያለው ታንከር ከታጠበ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ውሃው ሲጎድል ከሥር የተኛው ዝቃጭ ተነስቶ ወደ ቧንቧው ይገባል። አለቆቹም ያውቃሉ። “በጀት እስኪለቀቅ አፋችሁን ዝጉ” ብለዋል። ሰፈሩ ግን ልጆቹ ታመውበት ዝም ብሎ የሚጠብቅ አልሆነም። ማን ምን ጨመረበት ማለት ጀመረ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጠብታ ዋናውን ቆጣሪ ለማንበብ ኮረብታውን ወጣ። ከታንከሩ የተረፈው ውሃ በሚፈስበት ቱቦ ሥር አንድ ረጅም ሰው ቁጢጥ ብሎ አየ። አረንጓዴ ጃኬት ለብሷል፣ እጅጌውን ሰብስቧል። እጁን ሦስት ጊዜ ታጠበ፣ አፉን ተጉመጠመጠ፣ ውሃ በአፍንጫው ሳበ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ክንዱን እስከ ክርኑ አጠበ። ጠብታ ይህን ለመረዳት መቆም አላስፈለገውም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በቀን አምስት ጊዜ ራሱ የሚያደርገው ነው። ሰውየው ለሶላት ውዱእ እያደረገ ነበር። የመጋዘኑ ቧንቧ ከተቆረጠ ሳምንት ሆኖታል፤ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ቆርጠው ሲሄዱ የመጨረሻውን ቁጥር የመዘገበው ጠብታ ራሱ ነው። ደግሞ ከዚያ ቱቦ ውሃ ይወጣል እንጂ ምንም ነገር ተመልሶ ወደ ታንከሩ አይገባም።

በማግስቱ፣ ማክሰኞ፣ እንደ ልማዱ በምሳ ሰዓት ፀጉሩን ሊስተካከል ሄደ። ፀጉር አስተካካዩ አብሮ አደጉ ነው፤ አብረው ጠጠር ተጫውተዋል፣ አብረው ተገርፈዋል። ያን ቀን ሱቁ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበሩ። ከውጭ ሲሰማ የነበረው ወሬ እሱ ሲገባ ቆመ። ሰሞኑን ሁሌ እንዲህ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ጨርቁ አንገቱ ላይ ታሰረለት፣ የመቀሱ ድምፅ ብቻ ቀረ። በመስታወቱ ውስጥ አምስቱም ወለሉን ሲያዩ ያያቸዋል። ዝምታው አላስቀምጥ አለው፤ አንድ ነገር ብሎ ወደ ውስጣቸው መግባት ፈለገ።

“እነዚያ የመጋዘን ሰዎች እኮ…” አለ።

አምስቱም ቀና አሉ።

“ትናንት ጠዋት አንዱን ታንከሩ ሥር አገኘሁት። አረንጓዴ ጃኬት የለበሰ ነው። ቁጢጥ ብሎ ውሃውን ሲያንቦጫርቅ ነበር።”

“ምን ሊያደርግ?” አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ መቀሱን አንስቶ።

“እኔ ምን አውቄ!” አለ ጠብታ።

ይህቺ ናት እንግዲህ ኃጢአቱ፤ ሌላው የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። በዚያ ሱቅ ውስጥ ምን እንዳየ ማስረዳት የሚችል እሱ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ አላውቅም አለ። ወዲያው ሻይ ታዘዘለት። አንዱ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። “ጠብታማ የኛ ሰው ነው፣ ብዬ አልነበር?” አለ ፀጉር አስተካካዩ። ከወራት በኋላ ያቺን ቃል ሲሰማ እንደ ልጅ ደስ አለው። ሻዩን ጠጥቶ፣ አንገቱን ተላጭቶ፣ እያፏጨ ወጣ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ረቡዕ ጠዋት ሰውየው ጠርሙስ ይዞ ነበር ተባለ። ረቡዕ ማታ ጠርሙሱ ውስጥ ነጭ ዱቄት ገባ። ሐሙስ ጠዋት ሰውየው ሦስት ሰው ሆነ፣ ጠርሙሱም ጆንያ። ሐሙስ ቀትር ላይ ዱላ የያዙ ሰዎች ወደ መጋዘኑ ሄዱ። መስኮቱ ተሰባበረ፣ ሴቶች ጮኹ፣ አረንጓዴ ጃኬት የለበሰው ሰውዬ ተጎትቶ ወጣ። ክንዱን ሰበሩት። ከዚያ የሰፈሩ ኮሚቴ በትምህርት ቤቱ ግቢ ወንበር በሚያስቀምጥበት ክፍል ውስጥ ቆለፉበት። የመጣው ፖሊስ በሩ ላይ ጠባቂ አቁሞ ለኮሚቴው አጭር ነገር ነገራቸው፦ ያየ ሰው ከፈረመ ሰውየው ይታሰራል፣ መጋዘኑም እስከ ሰኞ ባዶ እንዲሆን ይታዘዛል፤ የሚፈርም ከሌለ ግን ቅዳሜ ይፈታል።

ያየ ሰው አንድ ነው። ጠብታ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሦስት ቆጣሪ ዘለለ፤ በሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

ዓርብ አመሻሽ ላይ የኮሚቴው ሊቀመንበር ቤቱ ድረስ መጡ። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ ጠብታን ሦስተኛ ክፍል አስተምረውታል። ሚስቱ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች፤ ወንበር ሰጥታቸው ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

“ነገ ጠዋት ትመጣለህ” አሉት። “የሚነበበውን ሰምተህ መፈረም ብቻ ነው።”

“ጋሼ፣ እኔ እኮ ብዙም አላየሁም…”

“ያየኸው ይበቃል። ስማኝ ልጄ፣ ሰው ብዙ ይላል። ይሄ ጠብታ በራችን ድረስ እየመጣ ቆጣሪያችንን አይንካ የሚሉ አሉ። መሥሪያ ቤትህ ድረስ ፊርማ አሰባስበን እንሂድ ብለውኝ ከልክያቸዋለሁ። ነገ አንተ ከፈረምክ አፋቸው ይዘጋል። ካልፈረምክ ግን…” ባርኔጣቸውን አነሱ። “ከማን ወገን እንደሆንክ ይታወቅ ነው ነገሩ።”

እሳቸው እንደወጡ የስፌት መኪናው ቆመ።

“ያየኸው ምንድነው?” አለች ሚስቱ።

“አንድ ሰው ሲታጠብ።”

“እንዴት ሲታጠብ?”

ዳይሬክተሩ የተነሱበትን ወንበር ወደ ጥግ መለሰ።

“ውዱእ ነው ሲያደርግ የነበረው?”

“…አዎ።”

ብትጮኽበት ይሻለው ነበር። እሷ ግን ከጨርቁ ላይ ክር በጥርሷ በጠሰች። “እሺ፣ ሂድና ፈርም” አለችው። “ከነገ ጀምሮ ግን ስትታጠብ በሩን ዝጋ። ድንገት ካየሁህ እኔም ምን እያደረግክ እንደሆነ አላውቅም።”

“አንቺ ምን አለብሽ! እንጀራዬን ነው የማጣው! እነሱ ትናንት የመጡ ናቸው፣ እኛ ግን…”

“እኛ ግን ምን? እኛ መቼ ነው የመጣነው? ንገረኛ! አያትህ ቆፍረው፣ አባትህ ተቀብረው፣ ስንት ዓመት ሲሞላን ነው ከመምጣት የምንገላገለው? እነሱን ስላስባረርክ ነው ዓመቱ የሚቆጠርልህ?”

መኝታ ቤት ገብቶ ከነጫማው ጋደም አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ሕዝቡ በትምህርት ቤቱ ትልቁ ክፍል ተሰበሰበ። ሽማግሌዎች የሕፃናት ዴስክ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። ፖሊሱ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ፀጉር አስተካካዩ ከፊት ወንበር ይዞለት ነበር፤ “ና፣ እዚህ ና!” ብሎ በእጁ ጠራው። ጠብታ ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ሰላም አለው፤ ያን ያህል ሰላምታ በአንድ ጠዋት አግኝቶ አያውቅም።

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። “እኔ ስሜ ከታች የተገለጸው፣ በዕለተ ሰኞ ጠዋት፣ አረንጓዴ ጃኬት የለበሰ የውጭ አገር ሰው፣ ነጭ ዱቄት የያዘ ጠርሙስ ወደ መጠጥ ውሃችን…”

“ጠርሙስ አላልኩም” አለ ጠብታ።

“ዝርዝሩን ተወው፣ ፍሬ ነገሩ ያው ነው” አሉና እስክሪብቶውን ዘረጉለት።

ተቀበለ። ስድሳ ሰው እጁን ያያል። ሌሎች ቆጣሪ አንባቢዎች ውሻ ሲጮህባቸው ከበር ላይ ሆነው በግምት ይሞላሉ፤ ጠብታ ግን መስታወቱ ያላሳየውን ቁጥር አንድ ቀን ጽፎ አያውቅም። በዚህ ደግሞ ይኮራ ነበር። ወረቀቱን ሲያየው “ጠርሙስ” የሚለው ቃል ላይ ዓይኑ ተተከለ። ሥራው ታየው፣ ቤቱ ታየው፣ የሚዘጋበት በር ሁሉ ታየው። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

“ከመፈረሜ በፊት ያየሁትን ላሳያችሁ” አለ።

ጥግ ላይ የመጠጥ ውሃ የያዘ ባልዲ ከነኩባያው ነበር። አምጥቶ መሃል ላይ አስቀመጠው። ጫማውንና ካልሲውን አወለቀ፣ እጅጌውን ሰበሰበ። የመጀመሪያው ኩባያ ሱሪው ላይ ፈሰሰ። እጁን ሦስት ጊዜ ታጠበ። ተጉመጠመጠ፣ በአፍንጫው ሳበ፣ ፊቱን ታጠበ። ክንዱን እስከ ክርኑ አጠበ፣ በእርጥብ እጁ ፀጉሩንና ጆሮውን ዳበሰ። ባዶ እግሩን በሰው ሁሉ ፊት አጠበ። ሲሚንቶው ረጠበ።

“ሰውየው ሲያደርግ ያየሁት ይሄን ነው” አለ። “ለሶላት ሲታጠብ ነው። ጠርሙስ የለም፣ ዱቄት የለም። ውሃው የደፈረሰው ታንከሩ ሁለት ዓመት ስላልታጠበ ነው፤ ይሄንንም አውቅ ነበር።”

“መታጠቡንማ እኔም አውቀዋለሁ” አለ ፀጉር አስተካካዩ በዝግታ። “ከሱቄ ጓሮ ሁሌ የምታደርገው አይደል እንዴ…” ሰው ሁሉ ወደ እሱ ሲዞርበት ግን ዴስኩን ወደ ኋላ ሳብ አደረገና እግሩን ከእርጥቡ አራቀ።

“ታዲያ ማክሰኞ ለምን አልተናገርክም?” አሉ ዳይሬክተሩ። ድምፃቸው ሦስተኛ ክፍል ሲያስተምሩት የነበረውን ይመስል ነበር።

“ፈርቼ ነው፣ ጋሼ።”

“ማንን? እነሱን?”

“እናንተን።”

አንዲት ሴት ሳቀች። “እኛን? እኛ ምን ስላለን ነው የምንፈራው?” አለች። የሰውየውን ክንድ ማን እንደሰበረ ሁሉም ያውቅ ነበር።

“ትፈርማለህ አትፈርምም?” አለ ፖሊሱ።

“አልፈርምም።”

“ድሮም አንድ ናቸው!” ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ። “እሱም ከነሱው ነው! ውሃችንን በማን እጅ ትተን ነው የኖርነው?” ዴስክ ተገፋ፣ ባልዲው ተገለበጠ። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ ጠብታን ቀና ብለው አላዩትም። ጠብታ ጫማውን በእጁ እንደያዘ በመካከላቸው አለፈ። ማንም አልነካውም፤ መንገድ ሲለቁለት ግን ከሚገባው በላይ ራቁለት።

ግቢ ውስጥ ፖሊሱ የወንበሩን ክፍል አስከፈተ። ሰውየው ዓይኑን ከፀሐዩ እየከለለ ወጣ። ክንዱ በጨርቅ ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ከንፈሩ አብጧል፣ አረንጓዴው ጃኬት ትከሻው ላይ ተቀድዷል። ፖሊሱ ጠብታን በጣቱ አሳየው። “ሂድ፣ እሱን አመስግን። ያስፈታህ እሱ ነው” አለው፤ ያልገባው ሲመስለው ደግሞ በምልክት አስረዳው።

ሰውየው መጣ። ጤነኛ እጁን ዘርግቶ የጠብታን እጅ ያዘ፣ አጥብቆ ያዘ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

“እኔ ነኝ” አለው ጠብታ። “ማክሰኞ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ምን እያደረግክ እንደነበር እያወቅኩ አላውቅም አልኩ። ክንድህን ያሰበርኩት እኔ ነኝ፣ ወንድሜ። ይቅር በለኝ።”

ሰውየው የሚነገረውን ሁሉ አንገቱን እየነቀነቀ በትሕትና አዳመጠ። አንዲት ቃል አልገባችውም። ጠብታ ተናግሮ ሲጨርስ፣ ወደዚህ አገር ከመጣ ወዲህ የለመዳትን አንዲት ቃል ፈልጎ አገኘና ባበጠ ከንፈሩ “አመሰግናለሁ” አለው፤ እጁንም አልለቀቀውም።